ሁለት ድምፅ በአንድ ሞንታርቦ

«እንግዳችንን እያመሰገንን፣ አሁን ደግሞ በክራር የታጀበ ግጥም ይቀጥላል» አለች ምስራቅ በማይክሮፎኑ። ከዚያ ማውሱን ተጫነች።

ክራሩ ቀጠለ፤ ግጥሙ ግን ወይ ፍንክች አለ።

ከትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ውጭ፣ የኒሙ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ሞንታርቦ ክራሩን ብቻ ይለቀዋል። በጥላው ሥር የተኮለኮለው የእረፍት ሰዓት ተማሪ መሳቅ ጀመረ። ምስራቅ ክራሩን ዘግታ ግጥሙን ስትከፍት ግጥሙ መጣ፤ ክራሩን መልሳ ለማስገባት ብትሞክር ደግሞ እሱ በተራው አኮረፈ። ኮምፒውተሩ ሁለት ድምፅ ባንድ ጊዜ አላወጣም ካለ አላወጣም ነው።

«ኻላስ፣ በቃ! እኔ በአፌ አጅበዋለሁ» አለች ጓደኛዋ ዘሀቢያ ማይክሮፎኑን ነጥቃ። እውነትም «ድንግ ድንግ ድርንግ» እያለች በአፏ ክራር መታች። ግጥሙ የሚያሳዝን ግጥም ነበር፤ ያን ቀን ግን ያለቀሰው ሁሉ ያለቀሰው በሳቅ ነው።

ሳቁ ሳይበርድ ርዕሰ መምህሩ አቶ ታጠቅ ላባቸውን በመሀረብ እየጠረጉ በሩ ላይ ቆሙ።

«ዓርብ የወላጆች ቀን ነው» አሉ። «ድራማችሁ ከነሙዚቃው በወጉ ከተሰማ፣ እሰየው። ካልሆነ ይህ ኮምፒውተር ቢሮዬ ገብቶ ደብዳቤ ይጻፍበታል። እዚህ ሆኖስ ምን ፈየደ?»

ዕለቱ ሰኞ ነበር፤ ዓርብ እስኪደርስ የቀራቸው አራት ቀን ብቻ ነው። ምስራቅ አሥረኛ ክፍል ስትገባ ከሰው ፊት «አቤት» ማለት እንኳ ያስፈራት ነበር። አፏን የፈታችው በዚህ ክፍል ውስጥ፣ በዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ነው። ኮምፒውተሩ ከሄደ ሚኒ ሚዲያው የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው።

እያለከለከች የአይሲቲ መምህሯ ዘንድ ሄደች። ቲቸር አንዷለም ጎጃሜ ናቸው፤ ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ ከዚያም ቀስ ብለው ያስባሉ።

«እዚያ ኮምፒውተር ላይ ያለው የድምፅ ሲስተም ያረጀ ነው» አሏት። «የኬላ ጠባቂ በይው። አንድ መኪና ካሳለፈ ገመዱን ይወጥርና ሌላውን ያግዳል። መጀመሪያ የገባው ፕሮግራም ካልወጣ ሌላው አይሰማም። አዲሱ ሲስተም ግን ሁሉንም ተቀብሎ፣ ቀላቅሎ ያወጣል።»

«ታዲያ መቀየር ይቻላል?»

«ኮምፒውተሩ የሚሠራው እኮ በሊኑክስ ነው! ክፍት ነው። ያልወደድሽውን ነቅለሽ የተሻለውን ብትተክይበት ማንም አይቆጣሽም። ችግሩ ማውረጃ ኢንተርኔት የለንም።»

ኢንተርኔቱን የቻለችው ዘሀቢያ ናት። አጎቷ ሳጂድ የድንበሩን ድልድይ ተሻግሮ፣ ሱዳን ውስጥ ጋላባት ላይ የኢንተርኔት ቤት አለው። ማክሰኞ ከሰዓት ፍላሿን በአንገቷ አንጠልጥላ ተሻገረች፣ አዲሱን ሲስተም ይዛ ተመለሰች። ሲጫን ግን ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት «ይህኛው ከሌለ አልገባም» ብሎ የሌላ ፋይል ስም ጻፈ። ረቡዕ ጧት ያንን አመጣች። እሱ ደግሞ ሌሎች አራት ጠራ።

«ይሄ ነገር ድግስ ላይ አንድ ሰው ሲጠሩት አክስትና አጎቱን አስከትሎ እንደሚመጣ ነው» አለች ዘሀቢያ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ጫማዋን እያሰረች። ስትመለስ ፈታሹ ፖሊስ አስቆማት።

«አንቺ ልጅ፣ በሁለት ቀን ሦስት ጊዜ! ምንድን ነው የምታመላልሺው?»

«ድምፅ» አለችው።

ፖሊሱ ፍላሿን ተቀብሎ ጆሮው ላይ አደረጋት። ጥቂት አዳመጠና፣ ምንም እንዳልሰማ ለመናገር አፍሮ መሰለኝ፣ «እለፊ» አላት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ቲቸር አንዷለም የክፍሉን ቁልፍ ሰጥተዋቸው ወደ ዘጠነኛ ለ ሄዱ። ክፍሉ እንደ ምድጃ ይነዳል። ምስራቅ ደብተሯ ላይ የገለበጠችውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል ጻፈች። አሮጌው ሲስተም ተነቀለ። አዲሱ ከነዘመድ አዝማዱ ገባ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሣ፤ ሲነሣም አመሉ ነውና ከዚያ በፊት ሳይዘጋ የቀረውን ፕሮግራም ሁሉ መልሶ ከፈተ።

ያን ጊዜ ጉድ ፈላ። ሞንታርቦው እንደበራ መሆኑን ማንም ልብ አላለም።

ሰኞ ክፍት የተውት የሱዳን ዘፈን ግቢውን አናወጠው። ከዘፈኑ ጋር ደግሞ፣ አሁን ከልካይ የለምና፣ አንድ የወንድ ድምፅ እየጮኸ ወጣ። «...ሙቀቱ ጨረሰኝ! ዝውውር ይሰጠኝ!» ከበሮው ደለቀ። «ዝውውር ይሰጠኝ!»

ሞንታርቦ ከተሰማ እረፍት ነው። ስለዚህ ስምንቱም ክፍል በሩን በርግዶ ወጣ። ከፊሉ መጨፈር ጀመረ፤ አንድ መምህር ጠመኔያቸውን እንደያዙ «ማነው የደወለው?» እያሉ ይዞራሉ። ምስራቅ ገመዱን እስክትነቅል ግቢው ሠርግ ሆኗል።

«ሚያ ሚያ!» ብላ ዘለለች ዘሀቢያ። በጋላባት ቋንቋ «ከመቶ መቶ» ማለቷ ነው። «ሁለቱም ባንድ ላይ! ሠራ!»

አቶ ታጠቅ እየሮጡ ገቡ። ሲሮጡ አይተዋቸው አያውቁም።

«ያ ሰውዬ ማነው? ዝውውር እያለ የሚያላዝነው?»

ልጆቹ ተያዩ፤ እነሱም አያውቁም። እንደሌላው ሁሉ የሰሙት ያችን ቁራጭ ነው፣ ያውም በከበሮ ተሸፍና፣ በሞንታርቦው ሻክራ።

«ገባኝ» አሉ አቶ ታጠቅ ራሳቸው። «የዚህ ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው? አንዷለም ጋ። ሁለት ጊዜ ዝውውር የጠየቀ ማነው? አንዷለም። እዚህ ተደብቆ ሲያላዝን ኖሯላ!» አቶ ታጠቅ በየሰኞው ባንዲራ ሥር ቆመው «ቆላ ወርቅ ነው! ዝውውር የሚጠይቅ መምህር ከጦር ሜዳ የሚሸሽ ወታደር ነው!» የሚሉ ሰው ናቸው። «ማስጠንቀቂያ እጽፍለታለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ዝውውር የሚባል ነገር አያስባትም። እናንተ ግን ጎበዞች፣ ድምፁን አስተካክላችኋል። ኮምፒውተሩ የእናንተው ነው።»

ሲወጡ ምስራቅ የጆሮ ማዳመጫ ሰክታ ፋይሉን ፈለገች። አንድ ሳይሆን አሥራ አራት ነበሩ፤ ሁሉም ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ተማሪው ወደየቤቱ ከሄደ ወዲያ የተቀዱ። የመጀመሪያውን ከፈተችና አንዱን ጆሮ ለዘሀቢያ ሰጠቻት።

«ክቡር ኃላፊ፣ እኔ ታጠቅ...» አለ ድምፁ። «እእ... እንደገና። ክቡር ኃላፊ፣ እኔ ታጠቅ እዚህ ቆላ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሰሊጥ እንኳ ብሆን ዘጠኝ ጊዜ ታጭጄ፣ ዘጠኝ ጊዜ ጎንደር ደርሼ ነበር። ሙቀቱ ጨረሰኝ...»

ዘሀቢያ በእጇ አፏን ይዛ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ምስራቅም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሰውየው ትልቅ ሰው ፊት ቃል ይጠፋቸዋል፤ የክፍሉ ሁለተኛ ቁልፍ ደግሞ እሳቸው ቢሮ ነው የሚቀመጠው። ለካ ማታ ማታ እየገቡ ንግግራቸውን ሲለማመዱ ኖረዋል። መልሰው ሊሰሙት ሲሉ ግን፣ እነምስራቅ የዘፈኑን ማጫወቻ ሳይዘጉ ስለሚሄዱ፣ አሮጌው ሲስተም በሩን ይዘጋባቸዋል። ያልተቀዳ እየመሰላቸው አሥራ አራት ጊዜ ቀዱ።

ምስራቅ ሌሎቹንም ከፈተች። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ሳቋ ቆመ። «ልጄ ስትወለድ እዚህ ነበርኩ» ይላል ድምፁ፣ ዝግ ብሎ። «አሁን ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። በስልክ ‹አባቢ፣ የዛሬ ሳምንትስ ትመጣለህ?› ትለኛለች። ምን ልበላት?»

«ነገ ወላጅ ሁሉ ፊት እንልቀቀው!» አለች ዘሀቢያ ዓይኗ እያበራ። የምስራቅን ፊት ስታይ ግን ሐሳቧን ቀየረች። «እሺ፣ አንልቀቀው። ዝም እንበል። ኮምፒውተሩ ተርፎልናል።»

በዚህ መሀል ቲቸር አንዷለም ብቅ አሉ። «ማስጠንቀቂያ እየተጻፈልኝ ነው አሉ፤ ለምን እንደሆነ ግን ገና አልተነገረኝም» አሉ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስል። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ አንገታቸውን አሰገጉ። «ይልቅ ሲስተሙ እንዴት ሆነ? ገባ?»

ምስራቅ ክራሩንና ግጥሙን ባንድ ላይ ከፈተችላቸው። ቲቸር ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት። «አየሽ፣ በአንቺ እጅ!» ብለው ትከሻዋን መታ መታ አድርገዋት ሄዱ። ምስራቅ አፈር በበላሁ አለች በልቧ።

«እነግራቸዋለሁ» አለች በሩ ሲዘጋ።

«ለማን? ለዳይሬክተሩ? አንቺ ልጅ፣ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን ልትጥዪ ነው! ሲያፍሩ መጀመሪያ የሚወስዱት እኮ ይህን ኮምፒውተር ነው። ሦስት ጊዜ ነው ድልድዩን የተሻገርኩት!»

«አውቃለሁ» አለች ምስራቅ፤ እግሯ ግን መንገድ ጀምሯል።

አቶ ታጠቅ ደብዳቤው ላይ ሊፈርሙ እስክሪብቶ እየሞከሩ ሳለ ደረሰች። «ጋሼ፣ ሳይፈርሙ አንድ ነገር ይስሙልኝ» አለቻቸው። ምን እንዳዩባት እንጃ፣ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ተከተሏት። ዘሀቢያ ውጭ ቀረች።

የጆሮ ማዳመጫውን ሲያጠልቁ ፊታቸው የዳኛ ፊት ነበር። «እኔ ታጠቅ» የሚለው ላይ ሲደርስ ዳኛው ተከሳሽ ሆነ። ቀጥሎ ዘጠነኛውን ከፈተችላቸው። መሀረባቸውን አወጡ፤ ግን ግንባራቸውን አልጠረጉበትም።

«ያልቀዳ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ቀድቷል ጋሼ። እኛ ማጫወቻውን ሳንዘጋ ስለምንሄድ ነው ያልተሰማዎት። ጥፋቱ የኛም ነው።»

«ማን ማን ሰማው?»

«እኔና ዘሀቢያ ብቻ። ቲቸር አንዷለም እንኳ አልሰሙም።»

አቶ ታጠቅ ኮምፒውተሩን በጎሪጥ አዩት። «ቢሮዬ ተቆልፎበት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» አሉ።

ምስራቅ የፈራችው ይህንን ነበር። ማይክሮፎኑን አየችው፤ ወንበሯንም አየችው።

«ይውሰዱት ጋሼ» አለች። «አሁኑኑ ይውሰዱት። የቲቸር ደብዳቤ ግን ይቅር።»

አቶ ታጠቅ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ደብዳቤውን አወጡ፣ ለሁለት ቀደዱት፣ ለአራትም ቀደዱት።

«ቢሮዬ ሰው ይበዛበታል» አሉ። «እዚሁ ይቀመጥ።» የጆሮ ማዳመጫውንም መልሰው አጠለቁ። «ያችን ልጄን ያነሣሁባትን እንደገና ክፈችልኝ። ወረዳው ፊት ምን እንደምል አሁን ነው የገባኝ።»

ከፈተችላቸውና በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። ውጭ ግማሹ ትምህርት ቤት ተሰብስቧል።

«ምስራቅ፣ ሙቀት ጨረሰኝ ያለው ማነው? ንገሪን በናትሽ! ታውቂያለሽ አይደል?»

ዘሀቢያ በጥያቄ ዓይን አየቻት።

«አውቃለሁ» አለች ምስራቅ። «አልነግራችሁም።» ከዚያ በሩን በጀርባዋ ደግፋ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።