ሙጫው ያልደረቀው ቅጂ

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪው አስከሬን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከድኅረ ምረቃው ሕንፃ ደረጃ ሥር ተገኘ። የወደቀው ከሦስተኛው ፎቅ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ለመከላከል ሁለት ሰዓት ብቻ ቀርቶት ነበር። ሱፉ አዲስ ነው፤ ክራባቱ ግን አስተሳሰሩን የሚያሳየው ሰው እንዳልነበረ ያስታውቃል።

መርማሪዋ ጉልበቷን እያሸች አጠገቡ ተንበረከከች። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይታለች። ደረጃ አትወድም፤ በችኮላ የሚደመደም ነገር ደግሞ ከደረጃም ይብስባታል።

«ራሱን ነው የጣለው» ይላል ያገኘችው ሁሉ። ተማሪዎቹ «መነኩሴው» ነበር የሚሉት። ሰሞኑን ባዶ አዳራሽ ገብቶ ለባዶ ወንበሮች ንግግሩን ሲለማመድ አይተውታል። ብቸኛ ሰው ሲሞት ሌላ ምክንያት የሚፈልግለት የለም፤ ብቸኝነቱ ይበቃል ይባላል። ይህ መርማሪዋን አንገበገባት። እሷም ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃት ሰው የላትም።

ታላቅ እህቱ የመመረቂያ ጽሑፉን ዲፌንስ ልታይ በአውቶቡስ መጥታ የጠበቃት ሬሳ ነው።

«ወንድሜ ራሱን አልገደለም» አለች። «ንጋት ላይ ደውሎልኝ ነበር። ‹ያቺን እንቢ ያለችኝን የምስጋና ገጽ አሁን ጻፍኳት፤ ስትመጪ ታነቢያታለሽ› አለኝ። እየሳቀ! እናታችን የአልጋ ቁራኛ ናት። ራሱን ገደለ ብዬ ፊቷ የምቆመው እንዴት ነው?»

መርማሪዋ የሟቹን ቦርሳ ከፈተች። አዲስ የተጠረዙ ሦስት ቅጂዎች አሉ። ከሦስቱም ላይ ከርዕሱ ገጽ ቀጥሎ ያለው ወረቀት ተቀዷል፤ ቀጭን ጠርዙ ብቻ ቀርቷል።

በመጀመሪያ ያነጋገረችው አማካሪውን ነው።

«ዶክተር፣ ምስጋናው ላይ ምን ጽፎ ነበር?»

«እኔ ያየሁት ረቂቅ ላይ ርዕሷ ብቻ ነበረች፤ ከሥሯ ባዶ ነው። ‹ማንን ላመስግን?› ብሎ ጠይቆኝ ነበር።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ሦስት ዓመት ሳማክረው አንድ ቀን እንኳ ‹ምሳ በልተሃል ወይ?› አላልኩትም።»

ቀጥሎ የቀድሞ የክፍል ተጋሪው መጣ። ዓምና በማዕረግ ተመርቆ እዚያው ረዳት መምህር ሆኗል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ዛሬ አግኝተኸው ነበር?»

«ከሰኞ ወዲህ አላየሁትም። ምነው አጠገቡ በነበርኩ!»

«ሆድ ይብሰው ነበር?»

«በጣም እንጂ! ሰው አልነበረውም እኮ። ምስጋናው ላይ እንኳ ያሰፈረው እናቱን፣ እህቱንና እኔን ብቻ ነው። ሦስት ሰው!»

«አይዞህ» አለችውና ማስታወሻዋን ዘጋች።

ጠራዡ ሱቅ ከግቢው በር ፊት ለፊት ነው። ሽማግሌው ጣቶቻቸው ላይ የደረቀ ሙጫ እየላጡ ነገሯት።

«መጻሕፍቱን ትናንት ሰፍቻቸው ያቺን አንዲት ገጽ ስጠብቅ ነበር። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በአራት ቅጂ ይዟት መጣ። ዓይናፋር ስለሆነ ገልብጦ ሰጠኝ፤ እኔም ሳላነባት ለጠፍኳት።»

«አራት? ቦርሳው ውስጥ ያሉት ሦስት ናቸው።»

«ትምህርት ክፍሉ የሚቀበለው ሦስት ነው። አራተኛው የእህቱ ነው። ሙጫው አልደርቅ ስላለ ክብደት ጭኜበት ተውኩት።»

አራት ሰዓት ላይ፣ ዲፌንሱ በተቀጠረበት አዳራሽ፣ መርማሪዋ እህቱን፣ አማካሪውን፣ ረዳት መምህሩንና ጠራዡን ሰበሰበቻቸው። እሷ ሟቹ ሊቆምበት ከነበረው ቦታ ቆመች።

«ራሱን የሚጥል ሰው ከሦስት መጻሕፍት አንድ አንድ ገጽ መርጦ አይቀድም» ብላ ጀመረች። «ቢቀድም እንኳ ወረቀቶቹ አጠገቡ በተገኙ ነበር። የሉም። ስለዚህ የወሰዳቸው ሌላ ሰው ነው። ገጿ ንጋት ላይ ተጻፈች፣ አንድ ሰዓት ላይ ተለጠፈች፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተቀደደች። ዶክተር የሚያውቋት ባዶዋን ነው። ጠራዡ አላነበቧትም፤ ሱቃቸውም ደንበኛ ሞልቶት ነበር። እህቱ መንገድ ላይ ነበረች። አንተ ግን ከሰኞ ወዲህ ሳታየው የተመሰገኑትን ቆጥረህ ነገርከኝ።»

«በ... በስልክ ነግሮኝ ነው» አለ ረዳት መምህሩ።

«ስልኩን አይቻለሁ። ከሰኞ ወዲህ ከአንተ ጋር አልተደዋወለም፤ ዛሬም የደወለው ለእህቱ ብቻ ነው።» ከጠራዡ ያመጣችውን አራተኛ ቅጂ ከፍታ አነበበች፦ «‹ለጓደኛዬ፦ ርዕሴን ስቀይር የሰጠሁህን ስልሳ ቃለ መጠይቆች ለጽሑፍህ ተጠቅመህ ድካሜ ከንቱ እንዳይቀር ስላደረግክ አመሰግንሃለሁ።›»

አማካሪው ከወንበራቸው ተነሡ። «እነዚያን ‹ብቻዬን ሰበሰብኩ› ብለህ አይደል የፈረምከው? የተቀጠርከውም በእነሱ ነው!»

ረዳት መምህሩ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ደረጃው ላይ አገኘሁት። ደስ የሚለኝ መስሎት ገልጦ አሳየኝ። አውጣት ብዬ ለመንኩት። ‹እንዴት አንተን ሳላመሰግን?› አለኝ። ገፋሁት። ከዚያ ገጾቹን ቀድጄ ወሰድኳቸው።» ድምፁ ተቆራረጠ። «ምናለ አስቀድሞ ሰው ቢያማክር! ማንም ቢሆን ‹ይቺን አትጻፍ› ይለው ነበር።»

እህትየዋ መጽሐፉን ከመርማሪዋ እጅ ወሰደች። ሙጫው ጣቷ ላይ ተጣበቀ።

«ማንን ያማክር?» አለችው። «ካንተ ሌላ ማን ነበረው?»