በቀኝ ጠርዝ የተደበቀው

ባለ ማተሚያ ቤቱን ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቶ አገኙት። አጠገቡ ግማሹ የተጠጣ ሻይ፤ ከብርጭቆው ሥር በኮምፒውተር ተጽፎ የታተመ ወረቀት፦ «በቃኝ ማንንም አትጠርጥሩ»።

መርማሪዋ አንብባው ከንፈሯን ጠመም አደረገች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ስለቀጠነች ብቻ አይደለም።

«ሊሞት የቆረጠ ሰው ማን ቢጠረጠር ምን አገባው? ጽሑፉ አራት ነጥብም የለውም። ሰውዬው እኮ ለአንድ አራት ነጥብ ሠራተኛ ያባርር ነበር አሉ።»

«እሺ፣ ተገድሏል» አለ ፖሊሱ ካቴናውን እያንቀጫቀጨ። «ሻዩ ውስጥ የአይጥ መርዝ አለ። ያፈላችው ዲዛይነሯ፣ ማታ መጨረሻ የወጣችውም እሷ። አለቀ!»

«ያለቀው ያንተ ጭንቅላት ነው። አስቀምጠው ያንን ብረት።»

ዲዛይነሯ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ዓይኗን ከካቴናው መንቀል አቅቷታል።

«ማታ ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ሁሉም ከወጡ በኋላ ጋሼ፣ ‹ይሄ ስክሪን የጉድ ገበያ መስሏል፤ አጽጂልኝ። ግን የምፈልገውን ሳጣ ወዮልሽ!› አሉኝ። ፋይሉን በየአቃፊው ከተትኩት። የሚከፍቷቸውን ፕሮግራሞች ደግሞ በቀኝ ጠርዝ ደረደርኩላቸው፤ ማውሱ ሲጠጋ ብቅ ይላሉ፣ ሲርቅ ይደበቃሉ። አሳየኋቸው፣ ሻይ አፈላሁላቸውና ሄድኩ።»

«ለሌላ ሰው ነገርሽ?»

«ለማን? ጠዋት ስመጣ ሞተው አገኘኋቸው። ፖሊስም ወዲያው ክፍሉን አሸገው።»

ከእህቱ ጋር ውጭ ሲጠብቅ የቆየውና ይህን ያልሰማው የሟች ሚስት ወንድም፣ ስለ ልጅቷ ሲጠየቅ ከት ብሎ ሳቀ። ሽቶው ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰውዬ ነው። ሟች ባለፈው ሰው ፊት፣ «ወረቀቴን እየሰረቅክ ስለምትሸጥ ውጣልኝ» ብሎታል።

«ጠራጊ በሏት እንጂ ምን ዲዛይነር ናት!» አለ። «እኔ ትናንት ከምሳ በፊት ወጥቻለሁ። ኮምፒውተሩንም ከነካሁት ወር አልፎኛል።»

መርማሪዋ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸውና ኮምፒውተሩን ከፈተች። ስክሪኑ ባዶ ሰማያዊ ነው።

«ሪፖርት ልጽፍ ነበር፤ መጻፊያ ፕሮግራሙ ጠፋብኝ» አለች ተለማምጣ። «እትዬ፣ ይርዱኝ እስቲ።»

በየቀኑ በዚያው ኮምፒውተር ሒሳብ የምትሠራው የሟች ሚስት ማውሱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ አንከራተተችው።

«ውይ! እዚህ ጋ አልነበር እንዴ? ሁሉም የት ገባ?»

«አይ ሴትና ኮምፒውተር!» ወንድሟ ገፋ አደረጋት። ማውሱን ይዞ በቀጥታ ወደ ቀኝ ጠርዝ። የተደበቁት ብቅ አሉ፤ መጻፊያውን ጠቅ አደረገው። «ይኸው እህቴ» አለ ወደ መርማሪዋ ዞሮ። «ይሄም ሥራ ሆኖ!»

«እህትዎ እንኳ አይደለሁም» አለች መርማሪዋ። «ትናንት ምሳ ሰዓት ይህ ስክሪን ዝብርቅርቅ ያለ ነበር። የጸዳው ማታ ነው። ከዚያ ወዲህ ያዩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ያጸዳችው ልጅ፣ የሞተው ሰውዬ፣ እና እሱ እስኪሞት ጠብቆ እዚሁ የመሰናበቻ ወረቀት የጻፈው ገዳይ። እህትዎ በየቀኑ እየሠሩበት አላገኙትም። ወር ሙሉ ያልነካው ሰው ግን እንደ ኪሱ ያውቀዋል!»

«እ... እኔማ... ዝም ብዬ... ገመትኩ...»

«እንዲህ ገማች ቢሆኑ ወረቀቱ ላይ አራት ነጥቧንም በገመቷት ነበር። ጠራጊ ያሏት ልጅ ይኸው ጠረገችዎት።»

ካቴናው በሰውዬው የእጅ አንጓ ላይ ቀጭ አለ። ዲዛይነሯ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠራርጋ ከጥጉ ተነሣች።

«እውነትም» አለች እሱን እያየች፣ «ማታ ስጣደፍ ቆሻሻ መጣያውን ባዶ ሳላደርግ ሄጄ ነበር።»