አንዴም ያላስቸገረችው ሴት

ጠዋት ጽዳት ሠራተኛዋ የማዋለጃ ክፍሉን ወለል በበረኪና ስትወለውል፣ ሽታው በሦስቱ አልጋዎች መካከል በተዘረጉት አረንጓዴ መጋረጃዎች ሥር እየሾለከ አፍንጫ ይሰነፍጥ ነበር። ስንዱ መሐለኛው አልጋ ላይ በጎኗ ተኝታ ምጧን ታዳምጣለች። የመጀመሪያ ልጇ እቤት ስትወልደው ታፍኖ ሞቶባታል፤ ሆስፒታል የመጣችው ይሄኛውን በሕይወት ለመታቀፍ ነው። እናቷ፣ ዘበኛው በር ላይ ሲያስቀራቸው፣ "ልጄ፣ ሲብስብሽ ጩኺ፤ ዝም ያለች ትረሳለች" ብለዋት ነበር።

ሲብስባት ጮኸች። "ማርያም! ኧረ ማርያም!"

አዋላጇ ሲስተር ፀዳለ ጫማዋን እያንቋቋች መጣች። ክፍሉን ብቻዋን የያዘች፣ ዓይኗ በድካም የቀላ ሴት ናት።

"ምን ሆንሽ አንቺ? ስታረግዢም እንዲህ ጮኸሻል? ጎረቤትሽን እያት እስኪ፤ ምን የመሰለች ጨዋ ናት! ከገባች አንዴም አላስቸገረችኝ።"

"ይቅርታ ሲስተር።"

ስንዱ አፈረች። ተቀይማ እንዳትተዋትም ፈራች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች።

በግራ በኩል፣ ከመጋረጃው ሥር፣ የጎረቤቷ እጅ ቀይ ክር እንደታሰረበት ተንጠልጥሎ ይታያል። እሷ ከቻለች እኔም እችላለሁ እያለች ስንዱ በእጁ ተጽናናች። ጽዳት ሠራተኛዋ ስትመለስ በመወልወያው እንጨት ነካችው፤ እጁ እንደ ተሰቀለ ልብስ ተወዛወዘና ቀስ ብሎ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ መብራትም ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከበረኪናው ሽታ ሥር ሌላ ሽታ፣ የዛገ ብረት የሚመስል ከባድ ሽታ፣ ወደ ስንዱ ቀረበ።

"እህቴ፣ አንቺስ ደረሰልሽ?" አለች በሹክሹክታ።

ከአልጋው ሥር ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ብቻ መለሰላት። የእጁ ጥፍሮች ጠቁረዋል።

ያን ጊዜ ነፋሱ መጋረጃውን ገለጠው። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ እሷ አዙራ ነበር። ነጠላዋን ነክሳለች፤ ሆዷ እንዳበጠ ነው፤ በተከፈተው ዓይኗ ላይ አንዲት ዝንብ እግሯን እያሻሸች ትሄዳለች።

"ሲስተር! ኧረ ሲስተር! እሷ እኮ..."

"ዝም በይ አልኩሽ!" አለ ድምፁ ከኮሪደሩ። "እዚህ መንገድ ላይ የደረሰባትን እያዋለድኩ ነው! ሁለተኛ ብትጮኺ አልመጣልሽም!"

አልመጣልሽም የሚለው ቃል ከምጡ በላይ አንቀጠቀጣት። ነጠላውን መልሳ ነከሰች። ከሥሯ ሙቅ ነገር ፈሰሰ፤ ፍራሹን አርሶ ወረደ። ልጁ ሆዷን አጥብቆ ረገጠ፤ ደግሞ ረገጠ፤ ከዚያ ቀስ አለ።

"ትንሽ ቻልልኝ፣ ትመጣለች" አለችው በልቧ።

ከውጭ የእናቷ ድምፅ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ደረሳት፦ "ስንዱ! ኧረ ልጄ፣ ድምፅሽ ጠፋብኝ!"

አቤት ልትል ፈለገች። ነጠላው አፏን ሞልቶታል፤ የሚያወጣው እጇም ከአልጋው ጠርዝ ወርዶ ተንጠልጥሏል። ሕመሙ ግን በድንገት ለቀቃት። ተመስገን፣ አለች፤ ቻልኩት።

በቀኝ በኩል፣ ባዶ በነበረው አልጋ፣ አዲስ የገባች ወላድ ትጮሃለች። የሲስተር ፀዳለ ጫማ ቀረበ፤ እጇ የስንዱን እግር በአንሶላው ላይ ቸብ ቸብ አደረገው።

"ጎረቤትሽን እያት እስኪ" አለች ለአዲሷ። "አንዴም አላስቸገረችኝ።"

ዝንቧ ከግራው መጋረጃ ወዲህ በርራ ዓይኗ ላይ ስታርፍ፣ ስንዱ ልታባርራት ዓይኗን ጨፈን ለማድረግ ሞከረች፤ ዓይኗ ግን አልተከደነም።