«ተይ» የተባለችው ሴት

ሙሽራው ከደሴቲቱ ሆቴል ሰገነት ሥር ቋጥኙ ላይ ወድቆ ከተገኘ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሙሽሪት ደግሞ ፎጣ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባታል። ጫጉላ ብሎ ነገር! ማዕበሉ ጀልባ አላስጠጋ ብሎ ሰንብቶ፣ ዛሬ ረገብ ስላለ ፖሊሶች ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ ተብሏል። ሲደርሱ በካቴና አስረው እንደሚወስዷት ሆቴሉ ሁሉ አምኗል፤ እሷም ማመን ጀምራለች። ክፍሉ መስኮት የለውም። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል።

በሩ ተከፈተና፣ ለጉልበታቸው ፀሐይ ፍለጋ የመጡት ጡረተኛ መርማሪ እያነከሱ ገቡ።

«ጋሼ፣ በእናትዎ! እኔ ተኝቼ ነበር እኮ!»

«አትክልተኛው ከአጥሩ ሥር ሆኖ፣ ባልሽ ‹ተይ! ልቀቂኝ እኮ ነው የምልሽ!› ብሎ ሲጮህ ሰምቷል። ወዲያው ወደቀ። ሰውየው ዓይኑ እንጂ ጆሮው አልደከመም።»

ሙሽሪት በእንባዋ መሃል ግንባሯን ቋጠረች። «‹ተይ›? እሱ እኮ እኔን ‹ተይ› ብሎኝ አያውቅም!»

«ታዲያ ምን ይልሻል?»

አፈረች። «‹አንተ› ነዋ የሚለኝ። ‹ና›፣ ‹ብላ›፣ ‹ተኛ›… ሲያቆላምጠኝ ነው።»

«ሲቆጣስ?»

«ሲቆጣም። ለምዶበታል።»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሻሹ። «ተነሺ፣ አብረን እንጠይቃለን።»

ባለ ሆቴሏ ሙሽሪትን ሲያዩ ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ የቆለፉባት እሳቸው ናቸው። ምላሳቸው ግን አላረፈም። «ዋዜማውን ራት ላይ ተጣልተዋል! ‹ዝም በል!› ሲል ሰምቼ፣ ከየትኛው አስተናጋጅ ጋር ተያያዘ ብዬ ብሮጥ፣ ለካ የሚጮኸው ሚስቱ ላይ ነው። እሱ ነገውኑ እንሂድ ይላል፣ እሷ ገና መምጣታችን ነው ትላለች።»

«እርስዎንስ እንዴት ያናግርዎ ነበር?»

«ነፍሱን ይማረውና ጨዋ ነበር። ‹እርስዎ› ከአፉ አይለይም።»

ቀጥሎ ከሠርጉ ስቱዲዮ ተልካ የጫጉላውን ፎቶ ልታነሳ አብራቸው የመጣችውን ፎቶ አንሺ ጠየቋት። ካሜራዋን አቅፋ አቀርቅራለች።

«ከሠርጉ ቀን በፊት አላውቃቸውም። ሥራ ነው፣ ‹እርስዎ› ተባብለን ነው የምንነጋገረው። በጣም ያሳዝናሉ! ከፍታ እንደሚፈራ እያወቀ እዚያ ምን አወጣው?» አለችና አነባች። ሙሽሪትም አብራት አለቀሰች።

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም ምግብ አዳራሹ ተሰበሰቡ።

«የሆቴሉ ሠራተኞች ወንዶች ናቸው» አሉ መርማሪው። «ያሉት ሴቶች ሦስት ብቻ። ሟች ለሚስቱ ቢሆን ‹ተው› ነበር የሚለው፤ ቁጣም እንደማይለውጠው ባለ ሆቴሏ ራሳቸው ምስክር ናቸው። ለባለ ሆቴሏ ቢሆን ‹ይተዉ›። ለፎቶ አንሺዋም ‹ይተዉ›። እንግዲህ ‹ተይ› የሚላት ሴት እዚህ የለችም።»

«ታዲያ ሰይጣን ነው የገፋው?» አሉ ባለ ሆቴሏ።

«በሰው ፊት የለችም ማለቴ ነው። በስውር ግን አለች።» ወደ ፎቶ አንሺዋ ዞሩ። «ልጄ፣ ‹አላውቃቸውም› ብለሽ ጀምረሽ ‹ምን አወጣው› ብለሽ ጨረስሽ። አንቱታው የት ገባ? ከፍታ መፍራቱንስ ማን ነገረሽ?» ከዚያ ሙሽሪትን ጠየቋት። «ባልሽ ከፍታ ይፈራ ነበር?»

«እኔ… አላውቅም» አለች ሙሽሪት፤ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ነገውኑ እንሂድ ያለው ከፎቶ አንሺዋ ለመሸሽ ነበር።»

የፎቶ አንሺዋ ካሜራ ከእጇ ወደቀ። «ልገድለው ብዬ አልነበረም! ለሚስትህ ንገራት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ ብዬ ያዝኩት። ሲመነጭቀኝ ገፋሁት።» ሙሽሪትን ቀና ብላ አየቻት። «ሲያቆላምጥሽ ‹ና› ይልሽ ነበር አይደል?»

ሙሽሪት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እኔንም ሦስት ዓመት ሙሉ ‹አንተ› ነበር የሚለኝ። ‹አንቺ› ያለኝ የተወኝ ቀን ነው።»

ከባሕሩ የጀልባ ጥሩምባ ተሰማ።

«በይ ልጄ፣ ነፃ ነሽ» አሉ መርማሪው ቀስ ብለው። «ሻንጣሽን ሸክፊ።»

ሙሽሪት አልሰማቻቸውም። ወንበሯን ወደ ፎቶ አንሺዋ አስጠጋች።

«ሌላስ?» አለቻት። «ሌላ ስለ እሱ የማላውቀው ምን አለ? ንገሪኝ እንጂ!»

በዚህ መሃል ፖሊሶቹ ገቡ።