ሐመልት የወሰደችው ሰማያዊ

ንጉሥ ዮምራድ በሰንደራ ምድር በነገሠ በዘጠነኛው ዓመት፣ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት፣ ችሎት የተቀመጠው ሕዝብ ዐይኑ እያየ፣ በታላቁ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሣለው ወንዝ ሰማያዊ ቀለሙን አጣ። ቀለሙ አልረገፈም፤ አልደበዘዘምም። ከግድግዳው እንደ ጢስ ተነሥቶ በመስኮቱ ወጣና ወደ ሰሜን ነጎደ። ወዲያው ከደጅ ጩኸት ተሰማ። እውነተኛው የኤልማ ወንዝ ነጥፎ፣ ዓሦቹ በጭቃው ላይ ይፈራገጡ ነበር።

የሀገሩ ጠቢባን ብራናዎቻቸውን ገልጠው፣ «ቀለሙን የወሰደችው ሐመልት ናት» አሉ። ሐመልት በአርሞ ተራራ ዋሻ የምትኖር፣ መልኳን አይቶ የተናገረ ሰው ያልተገኘላት ፍጥረት ነበረች።

ንጉሡ አሥራ ሁለቱን የቤተ መንግሥት ሠዓሊዎች አስጠርቶ ያንን ሰማያዊ እንደገና እንዲቀምሙ አዘዘ። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ከሁሉም ታናሽ የሆነችው ቀጸላ ብቻ ቀና አለች። ቀጸላ ከልጅነቷ ጀምሮ የቀደሙትን ሠዓሊዎች ሥራ እየገለበጠች ያደገች፣ እጇ የተመሰገነ የሃያ ዓመት ወጣት ናት። ዳሩ ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክናት ነበር፤ የሚገለብጠው ሥዕል ያልነበረው የመጀመሪያው ሠዓሊ ከየት ጀመረ?

«ንጉሥ ሆይ፣ ወደ ሐመልት እኔ ልሂድ» አለች።

«የሄደ አልተመለሰም እኮ፣ ልጄ።»

«ያ ቀለም እንዴት እንደተሠራ ሳላውቅ እዚህ ብቀመጥም እንቅልፍ አይወስደኝም። በአባቶቼ አጥንት እምላለሁ! የኤልማን ሰማያዊ ሳላስመልስ የሰንደራን ደጅ አልረግጥም!»

ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንዱ የሰሜኑን ደን ጠንቅቀው የሚያውቁት ሽማግሌው እንጨት ጠራቢ፣ አያ ጉልማ ነበሩ። ሁለተኛዋ ሸክላ ሠሪዋ ትርሲት ናት፤ ጭቃዋን ከኤልማ ዳር ስለምታመጣ የወንዙ መድረቅ የእሷም መድረቅ ነበር።

ሰባት ቀን ተጓዙ። ቀጸላ በየመንገዱ ከመጠየቅ አታርፍም።

«አያ ጉልማ፣ የሚጠርቡት ፊት ከየት ይመጣልዎታል?»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «ግንዱን በመጥረቢያዬ ጀርባ መታ መታ አደርገውና አዳምጣለሁ። ቋጠሮ ያለበት ቦታ ድምፁ ይታፈናል። ቋጠሮውን ስሸሽ ስሸሽ አፍንጫው ወደ አንድ ወገን ዘመም ይላል። ሰዉ ‹እንዴት ያለ ጥበብ ነው!› ይላል። እኔ ግን ከቋጠሮ እየሸሸሁ ነበር።»

«አንቺስ፣ ትርሲት?»

ትርሲት በሁለት እጇ ሰፊ የእንስራ ሆድ በአየር ላይ ሠራች። «እንስራዬ ሆዱ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ታውቂያለሽ? እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ጀርባዋን ይዛ ስትቆም አየኋት። ከዚያ ወዲያ እጄ ሌላ ቅርጽ እምቢ አለ። ልጁም እሷም አልተረፉም፤ እንስራው ግን ይኸው አለ።»

ቀጸላ በዚያ ቀን ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። እሷ እንደዚህ ብላ የምትናገርለት አንድም ሥዕል እንደሌላት ገባት።

በስምንተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ በአርሞ ገደል አፍ፣ ክንፋቸው ነሐስ የሆነ አሞሮች እንደ በረዶ ወረዱባቸው። አያ ጉልማ መጥረቢያቸውን እያወናጨፉ ሁለቱን ጣሉ፤ ትከሻቸው ግን ተቦጨቀ። ያኔ ትርሲት ከገደሉ ሥር ጭቃ ዘግና በፍጥነት የሦስቱንም ገላ ለቀለቀችው። «አትንቀሳቀሱ! አፈር ምሰሉ!» አለች። አሞሮቹ ጥቂት ዞሩ፤ ከዚያ ከአፈር ምን እናገኛለን ያሉ ይመስል ተመልሰው በረሩ።

በዋሻው ውስጥ ምንም አይታይም፤ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«ከመካከላችሁ ሠዓሊ አለች። የቀለም ሽታ ተሸክማችኋል።»

«ሐመልት ሆይ፣» አለች ቀጸላ፣ «ሰማያዊያችንን ለምን ወሰድሽ?»

«ላጠናው። ያን ግድግዳ የሣለው ሰው ወንዙን ሠላሳ ዓመት ቁጭ ብሎ አየው። ከማየቱ ብዛት ወንዙና ቀለሙ አንድ ሆኑ። እኔን እንደዚያ ያየኝ የለም። ከአንቺ በፊት ብዙዎች መጥተዋል፤ ሁሉም ዐይናቸውን ጨፍነው ክንፍና ጥፍር ሣሉልኝ። እኔ ክንፍ የለኝም።»

«ለምን ጨፈኑ?»

«ትኩር ብሎ ያየኝ ሰው፣ አብልጦ የሚወደው ቀለም ከዐይኑ ይጠፋል። ይህ ፈቃዴ አይደለም፤ ተፈጥሮዬ ነው። እንዳለሁ ከሣልሽኝ ሰማያዊው ይመለስልሻል።»

አያ ጉልማ ክንዷን ያዙ። «ተይ፣ ልጄ። እኔ አርጅቻለሁ፤ እኔ ልያትና መልኳን ልጥረብ።»

ቀጸላ አብልጣ የምትወደውን ቀለም ታውቅ ነበር፤ ከሰንደራ ያስወጣት እሱ ነው። የሽማግሌውን እጅ ቀስ ብላ አላቀቀች። ከሰልና ቀይ አፈር አዘጋጅታ፣ «ወደ ብርሃን ውጪ» አለች።

ሐመልት ወጣች፤ አያ ጉልማና ትርሲት ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። ከጎጆ ትገዝፋለች፤ ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው፤ ከሥሩ የዓለም ቀለም ሁሉ ይዋኛል። ጆሮዎቿ ግን የግልገል ጆሮ ያህል ትንንሽ ናቸው። ቀጸላ እያየች ሣለች፤ እየሣለች ጠየቀች።

«ግራ ጉልበትሽ ለምን አበጠ?»

«ከወደቅሁ መቶ ዓመት ሆነኝ። ያመኛል።»

«ስትቆሚ ወደ ቀኝ የምታጋድዪው ለዚህ ነዋ!» ቀጸላ ፍርሃቷን ረስታ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ እጇ የማንንም ሥዕል ሳያስታውስ በዋሻው ደጃፍ ግድግዳ ላይ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሐመልት በሥዕሉ ፊት ቆመች። «ጉልበቴ...» አለች፤ ያበጠውን ጉልበት በሥዕሉ ላይ ዳሰሰች። «ጉልበቴን እንኳ አልተውሽውም።»

ከዚያም አፏን ከፈተች። የኤልማ ሰማያዊ እንደ ነፋስ ወጥቶ ወደ ደቡብ በረረ።

ትርሲት ወደ ገደሉ አፋፍ ሮጠች። «ተመልከቱ! ወንዙ! ወንዙ እየወረደ ነው!»

ቀጸላም አየች። ከሩቅ፣ በሰንደራ ሜዳ መካከል፣ አመድ የመሰለ ውኃ ይጥመለመላል። ሰማዩም አመድ ነበር። አያ ጉልማ ፊቷን አይተው ሁሉ ነገር ገባቸው፤ ጭቃ በደረቀበት እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። እሷም ከእሳቸው ጋር አለቀሰች።

ሰንደራ በእልልታ ተቀበለቻቸው። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ፣ «ምን ልሸልምሽ?» ቢላት፣ «አንድ ባዶ ግድግዳ» አለች። በነጋታው ማለዳ ኤልማ ዳር ሄዳ ተቀመጠች። ሕዝቡ በአዘኔታ ከሩቅ ይመለከታታል። አያ ጉልማ ትከሻቸው እንደታሰረ መጥተው አጠገቧ አረፍ አሉ።

«ምን ታያለሽ፣ ልጄ?»

ቀጸላ ዐይኗን ከውኃው ሳትነቅል መለሰች። «አያ ጉልማ፣ አመድ ስንት መልክ እንዳለው ያውቃሉ? ከድንጋዩ ሥር ያለው ሌላ፣ ዓሣው ሲገለበጥ የሚታየው ሌላ። እስካሁን አሥራ አንድ ቆጥሬያለሁ። ደግሞ ያቺ፣ ከሸምበቆው ጥላ ጫፍ ያለችው...» ብላ ወደ ፊት ተንጠራራች። «ቆይ፣ እሷን ገና አላወቅኋትም።»