የተከደነችው ቺፕ

ዶክተር እንድሪያስ ሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። እንግሊዝ ቁልፍ ሰባት ጊዜ አርፎበት ከጭንቅላቱ የተረፈው ጭንቅላት ለመባል ትንሽ ነው፤ ደሙ ጣራው ድረስ ተረጭቷል። ወሬው ከፒያሳ ተነሥቶ ራስ መኮንን ድልድይ እስኪደርስ ሟቾቹ ሦስት፣ ገዳዩም ከፀሐይ የወረደ እሳት ሆኖ ነበር። ሰፈሩ ምን ያድርግ? ሰውየው ሃያ ዓመት በውጭ ቤተ ሙከራዎች አቶም ከአቶም እያዋሐደ የፀሐይን ኃይል ምድር ላይ ሊያወጣ የታገለ፣ ኋላም ቸርችል ጎዳና አናት ላይ ከጥፍር የምታንስ የሙቀት መለኪያ ቺፕ የሚሠራ ኩባንያ የከፈተ ፊዚሲስት ነበር።

ኢንስፔክተር ዘርፌ ወሬ ትወዳለች፤ አታምነውም እንጂ።

ዘበኛው ጋሽ ኡመር በር ላይ በካቴና ታስሯል። እንግሊዝ ቁልፉ ከጥበቃ ክፍሉ ተገኝቷል፣ ጋቢውም በደም ርሷል።

«ላነሳው ብዬ ነው፣ ልጄ! በሕይወት ያለ መስሎኝ!»

«የጣቢያው መኪና እስኪመጣ ጊዜ አለን፣ ጋሼ።»

ወደ ሬሳው ጎንበስ አለች። ቀኝ እጁ ወረንጦ እንደጨበጠ ነው፣ የአጉሊ መነጽሩ መብራት አልጠፋም። ከፊቱ ቺፗ በብርጭቆ ክዳን ተከድናለች፤ ክዳኑ ላይ ደም፣ ከሥሩ አንድ ጠብታ የለም። ክዳኑን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እኔማ ጧት አትክልት ተራ ነበርኩ» አለ የሟቹ ሸሪክ፣ ነጋዴው ካላዩ። «አንዴ ማኪያቶዬን ቺፗ ላይ ባስቀምጥ ሊገድለኝ ነበር እኮ!»

«ቀድሞህ ሞተ።»

መሐንዲሷ ብሩክታይት ዓይኗ አብጧል። «አሞኝ ነበር። ከረቡዕ ወዲህ እዚህ አልደረስኩም።»

«ነገ ውል ሊፈረም ነበር ሲሉ ሰማሁ፤ የምን ውል?»

«ሽርክና። ቺፗን የውጭ ኩባንያ ሊወስዳት፣ እሱ ወደ ፀሐይ ምርምሩ ሊመለስ።»

«አንቺስ?»

«የምስጋና ወረቀት።»

ሬሳው ሲነሣ ዘርፌ ሦስቱን ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን ቺፗ ላይ አራገፈችው። ካላዩ ሣቀ። ጋሽ ኡመር ካቴናውን ያያል። ብሩክታይት ዘላ በመዳፏ ጋረደቻት።

«አቧራ! ከድኛት ነበር እኮ! ክዳኑን ማን አነሣው?»

ዘርፌ ክዳኑን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻት።

«እኔ» አለች ዘርፌ። «አሁን ስሙኝ። እንድሪያስ ወረንጦ ይዞ እየሠራ ነበር፤ የሚሠራበትን ራሱ አይከድንም። ደሙ ክዳኑ ላይ ነው፤ ስለዚህ የከደናት ሰው ከምቱ በፊት ነው የከደናት። ካላዩ ማኪያቶ ነው የሚያስቀምጥባት፣ ጋሽ ኡመር ከመስተዋት ስባሪ አይለያትም። ቺፗ ደግሞ ከማሽኑ የወጣችው ዛሬ ጧት ነው፣ ማሽኑ ሰዓቱን መዝግቦታል። አንቺ ከረቡዕ ጀምሮ የቀረሽው፣ መቼ ከደንሻት? ከድነሽ፣ ቀና ሲልልሽ መታሽው። እንግሊዝ ቁልፉን ጋሼ ክፍል ወረወርሽ።»

ብሩክታይት መዳፏን ከቺፗ አላነሣችም።

«እሷን አሳልፎ ሊሰጥ ነበር! ሠርቼ ልጨርሳት ሁለት ወር ብቻ ነው የቀረኝ። እርስዎ ደግሞ፣ ጋሽ ኡመር፣ ቢታሰሩም አርጅተዋል ብዬ…»

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወልቆ የእሷ እጅ ላይ ጠቅ አለ። ጋሽ ኡመር አንጓውን እያሸ ጠጋ አላት።

«እኔስ ስንት ወር ቀርቶኛል ብለሽ ነው፣ ልጄ?»