የጉትቻው ክብደት

«አራት ግራም እንኳን አልሞላም» አለች እናቷ ጉትቻዎቹን ከሚዛኑ ሳህን ላይ እያነሳች። «እንግዲህ ርካሽ ነው የሚሆነው።»

ክብሪት የደብተር ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆማ ቀረች። «እማዬ፣ እነዚህን ለመሥራት ሦስት ቀን ሙሉ አቀርቅረሽ አልነበር እንዴ?»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ያ ወፍራም አምባር በአንድ ከሰዓት አልቆ በስንት እጥፍ ተሸጠ!»

«አምባሩ ከባድ ነዋ፣ ልጄ» አለች እናቷ። ነገሩ ለእሷ እንደዚያ ቀላል ነበር። ጉትቻዎቹን በወረቀት ጠቅልላ ከሌሎቹ አሥራ አንድ ጥንዶች ጋር ትንሿ ከረጢት ውስጥ ከተተቻቸውና ለልጇ አቀበለቻት።

ክብሪት እውነተኛ ስሟ አይደለም። ለመንደድ አንድ ጭረት ይበቃታል ብለው የክፍሏ ልጆች ያወጡላት ነው። ስሙን የሰማች ዕለት ተናድዳ ግቢውን ሙሉ ስላባረረቻቸው፣ ስሙ በዚያው ጸደቀ።

እናቷ የከበሩ ድንጋዮችን እየሞረደችና እየበሳች ጌጣጌጥ ትሠራለች። መስኮቱ ሥር ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ መሰርሰሪያዋ፣ ፒንሳዋ፣ ብርጭቆ ወረቀቷና በውሃ የተሞላ ሳህኗ ተደርድረዋል። ሚዛኑ ግን የአያቷ ነበር። አያቷ በሕይወት ሳለ ያልተሠራ ድንጋይ ይነግድ ስለነበር፣ የሚሸጠውን ሁሉ በግራም መዝኖ ነበር ዋጋ የሚቆርጠው። እናቷ ሚዛኑን ስትወርስ አሠራሩንም አብራ ወረሰች። ጥሬ ድንጋይ ለሚሸጥ ሰው ደግ አሠራር ነው። የእናቷ ድንጋይ ግን በተሞረደ ቁጥር ይቀልላል፤ በቀለለ ቁጥር ይረክሳል። ስለዚህ ብዙ የደከመችበት ዕቃ ትንሽ ያወጣል። ይህን ቤቱ ውስጥ ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ ክብሪት ራሷም እስከዚያ ጠዋት ድረስ አላሰበችበትም።

የዓይን ሐኪሙ ለእናቷ በግልጽ ነግሯታል፦ ለደቃቅ ሥራ የሚሆን መነጽር ካልገዛሽ መብሳቱን ተዪው። መነጽሩ ውድ ነው። ትዕዛዝ ሲበዛ ይገዛል ተባለ። ይኸው ትዕዛዙ በዛ፣ የእናቷ ዓይን ግን ሁልጊዜ እንደቀላ ነው፤ መነጽሩ የለም።

ትዕዛዙ ሁሉ የሚመጣው ከአንዲት ባለሱቅ ነው። ባለሱቋ የሳቂታ አክስት ናት፤ ሳቂታ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከክብሪት ጋር አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠች የልብ ጓደኛዋ። ከአክስቷ ጋር ስለምትኖር፣ ጌጣጌጡን ከትምህርት ቤት ተቀብላ የምትወስደውም፣ ገንዘቡን የምታመጣውም እሷ ናት። ሰሞኑን ከአክስቷ የምታመጣው መልእክት አንድ ብቻ ሆኗል፦ «ቀላል ቀላሉን ላኪልኝ።»

የዚያን ቀን ሳቂታ ትምህርት ቤት አልመጣችም። «ጉንፋን ጥሎኛል፣ ነገ እወስደዋለሁ» የሚል መልእክት ላከች። ክብሪት ግን እስከ ነገ መታገስ አልሆነላትም። የጉትቻዎቹን ዋጋ በዓይኗ ማየት ፈለገች። ሳቂታ «አክስቴ ተማሪ ሱቋ ሲመጣ አትወድም» እያለች ስለምታስጠነቅቃት፣ ሱቁን አንድ ቀንም ከውስጥ አይታው አታውቅም። ከወደደች ወደደች፣ ካልወደደች ትተወው ብላ ሄደች።

ሱቁ የመስታወት በር አለው። ገና ስትገባ የእናቷን እጅ ሥራ አወቀችው። ባለፈው ሳምንት የተላኩት ጉትቻዎች መስታወት ሣጥን ውስጥ ጥቁር ከፋይ ላይ ተጋድመዋል፤ ከላይ መብራት በርቶላቸዋል። እቤት ጠረጴዛ ላይ እንደዚህ አምረው አይታቸው አታውቅም። በክር የታሰረችውን የዋጋ ወረቀት አነበበች። እንደገና አነበበች። እናቷ ከተቀበለችው አሥር እጥፍ ነው።

የቁጥሮቹንም አጣጣል አወቀችው። ከዚያ እጅ ጽሕፈት ላይ ስንት የሒሳብ የቤት ሥራ ገልብጣለች!

ከጓዳው በኩል መጋረጃው ተገለጠና ሳቂታ በአንድ እጇ ክር፣ በሌላው የዋጋ ወረቀቶች ይዛ ብቅ አለች። አፍንጫዋ እንኳን አልቀላም።

«ጉንፋኑ እንዴት ነው?» አለቻት ክብሪት።

ሳቂታ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። «አንቺ… እንዴት መጣሽ?»

«በእግሬ! ‹አክስቴ ለእኔ ብላ ነው እንጂ ምንም አታተርፍበትም› ያልሽኝ ይሄን ነው? ይሄ ነው ምንም?»

«አቦ ቀስ በይ፣ ሰው አለ…»

«ይስማ! ሰው ይስማኛ!»

ባለሱቋ ከጠረጴዛዋ ጀርባ ተነስታ መጣች። አልጮኸችም፤ ለደንበኛዋ ይቅርታ ጠይቃ ወደ ክብሪት ዞረች። «የጌጥ ሠሪዋ ልጅ ነሽ?»

«አዎ፣ ነኝ። እትዬ፣ እናቴ ይሄን በስንት እንደሸጠችልዎት ያውቃሉ?»

«የከፈልኩት እኔ፣ እንዴት አላውቅም? ስሚኝ ልጄ፤ እናትሽን አንድ ቀን ቀንሺልኝ ብያት አላውቅም። ዋጋውን የጠራችው ራሷ ናት። የጠራችውን ሳላጓድል፣ ሳላዘገይ ከፍያለሁ። ሌባ ለማለት ከሆነ አመጣጥሽ፣ በሩ ያው።»

ክብሪትን ያሳበዳት ሴትዮዋ እውነቷን መሆኗ ነው። ቢሰርቋቸው ኖሮ ሌባ ብላ ትገላገል ነበር። አሁን ንዴቷ የሚያርፍበት አጥቶ ደረቷ ላይ ቀረ።

«‹ቀላል ቀላሉን› የሚሉትስ?» አለች በመጨረሻ።

«ነጋዴ ነኝ» አለች ባለሱቋ።

ክብሪት ከረጢቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ወጣች። ሳቂታ እስከ አስፋልቱ ዳር ተከተለቻት። «በናትሽ ስሚኝ! የምኖረው እሷ ቤት ነው። ዝም በይ አለችኝ፤ ምን ላድርግ?»

«ዝም ብትዪማ በምን ዕድሌ! አንቺ ዝም አላልሽም። ዓይን ዓይኔን እያየሽ፣ እየሳቅሽ ነው የዋሸሽኝ» አለችና ጥላት ሄደች።

እቤት ስትደርስ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። እናቷ አብራት የምትናደድ መስሏት ነበር። እናቷ ግን መሰርሰሪያውን አጥፍታ ብድግ አለች።

«ሄደሽ ጮኽሽባት? ያለኝ አንድ ደንበኛ፣ እሱንም አባረርሽብኝ? ማን ላከሽ?»

«በአሥር እጥፍ ነው የምትሸጠው እያልኩሽ እኮ ነው!»

«ትሽጠው! ሱቅ አላት፣ ኪራይ ትከፍላለች፤ እኔ ምን አለኝ?»

«አንቺማ ዓይንሽ እየጠፋ ነው! በዚህ ሚዛን ራስሽን እያሞኘሽ! አያቴ ይሸጥ የነበረው ድንጋይ ነው፤ አንቺ ድንጋይ አይደለም የምትሸጪው!»

«አባቴን አትንኪብኝ!» እናቷ ጠረጴዛውን መታችው፤ የሳህኑ ውሃ ተደፋ። ሁለቱም ጨርቅ ፍለጋ ተሯሯጡ። ጎን ለጎን አጎንብሰው ውሃውን ጠረጉ።

«ዋጋ ጥሪ ሲሉኝ አፌ ይያያዛል» አለች እናቷ ቀና ሳትል። ድምፅዋ ወርዷል። «ሚዛኑ ይህን ያህል ነው ሲል ማንም አይቆጣኝም። እጄ ይህን ያህል ያወጣል ብላቸው ግን… ማን ነሽና ቢሉኝስ? አፍራለሁ። አንቺ አይገባሽም፣ አንቺ አፍረሽ አታውቂም።»

ክብሪት በእናቷ ላይ የነበራት ንዴት በአንድ ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ ዞረ፤ እናቷን እንደዚህ እንድታፍር ያደረጋት ማን እንደሆነ ባታውቅም፣ ያን ሰው ብታገኘው አትለቀውም ነበር። ጨርቁን ስትጨምቅ ክርኗ ጠረጴዛው ሥር ያለችውን የቆርቆሮ ጣሳ ነካው፤ ጣሳዋ ተንቀጫቀጨች። እስከ አፏ በተሰነጠቁ ኦፓሎች ተሞልታለች። ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ሲበሳ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ እናቷ የተበላሸውን ለአንድ ነገር ይሆናል እያለች ታጠራቅማለች።

«ይሄ ሁሉ መቼ ነው?»

«የዚህ ሰሞን ነው። የጠዋቶቹ ጉትቻዎች ብቻ ዘጠኝ ድንጋይ ጨረሱብኝ» አለች እናቷ ጣሳዋን እያየች። ዘጠኙን ገና ወደ ጣሳው አልጨመረቻቸውም ነበር፤ ጠረጴዛው ጥግ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ተከምረዋል።

«እነዚህን ድንጋዮች በነጻ ነው የምታመጫቸው?»

«ማን በነጻ ይሰጠኛል? በገንዘቤ ነው እንጂ።»

ቅዳሜ ጠዋት ባለሱቋ ራሷ መጣች። ጉትቻውን የሚጠብቅ ደንበኛ እንዳላት ከአካሄዷ ያስታውቃል። ሳቂታ ከኋላዋ አንገቷን ደፍታ ገባች። «የልጅ ነገር ነው፣ እንርሳው እህቴ» አለች ባለሱቋ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «በይ መዝኚልኝ።»

እናቷ ሚዛኑን አቀረበች። ያን ዕለት ጠዋት የመዘነቻቸውን ጉትቻዎች ከወረቀታቸው ፈትታ ሳህኑ ላይ አኖረቻቸው፤ ሳህኑ እምብዛም አልተነቃነቀም። ክብሪት እንዳትጮኽ ለእናቷ ቃል ገብታለች። ስለዚህ አልጮኸችም። ተነስታ ቁራጩን ጨርቅ አነሳችና ዘጠኙን የተሰነጠቁ ድንጋዮች ጉትቻዎቹ ላይ ዘረገፈቻቸው። ሳህኑ ጠረጴዛውን እስኪነካ ወረደ።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አለች ባለሱቋ።

«ይሄ ጉትቻ እስኪወጣ የተሰበሩ ናቸው። እናቴ በገንዘቧ የገዛቻቸው። በሚዛን ከሆነ፣ ሁሉም ይመዘን።» ድምፅዋ እንዴት እንደረጋ ራሷንም ገረማት።

ባለሱቋ ሳቅ አለች። «ቀልደኛ ልጅ አለችሽ! ዋጋ የምትጠሪው አንቺ ነሽ ወይስ እሷ?»

እናቷ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ከሳህኑ ላይ ማንሳት ጀመረች። በቃ፣ አለች ክብሪት በልቧ፤ አሁን ወደ ጥግ ታደርጋቸውና ጉትቻዎቹን እንደ ድሮው መዝና ትሸጣለች። መነጽሩም ቀረ፣ ዓይኗም ሄደ።

እናቷ ግን ድንጋዮቹን ካነሳች በኋላ ጉትቻዎቹንም አነሳች። ሚዛኑን ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋችው።

«ሚዛኑ ይቅር» አለች። ዓይኗን ከጠረጴዛው አልነቀለችም፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልቷል። «ከምትሸጪበት… ግማሹ የእኔ ይሁን። ግማሹ ለሱቅሽ ይበቃል።»

«በዚህ ዋጋ አሥራ ሁለቱንም ጥንድ አልወስድም!»

«የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ።»

ባለሱቋ እያጉረመረመች ሦስት ጥንድ መረጠች፤ ከሁሉም ደቃቁን። ከፈለችና ተነሳች። ክብሪት በሒሳብ ጎበዝ አይደለችም፤ ግን ለሦስቱ የተከፈለው ድሮ ለአሥራ ሁለቱ ከሚከፈለው እንደሚበልጥ ለማወቅ ደብተር አላስፈለጋትም። ገንዘቡ መነጽሩን ገና አይገዛም። የተቀሩት ዘጠኝ ጥንዶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ለማን እንደሚሸጡም አይታወቅም።

«ነይ እንሂድ» አለች ባለሱቋ ከበሩ።

ሳቂታ አልተንቀሳቀሰችም። «አንቺ ቅደሚ፣ እኔ እመጣለሁ» አለች። ይህን ለማለት ምን ያህል እንደከበዳት ከፊቷ ይታያል። አክስቷ አተኩራ አየቻትና በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች።

ክብሪት አሁንም ተናድዳለች። ይቅርታ አድርጌልሻለሁ የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም፤ ምናልባት ሰኞም አይወጣም፤ ምናልባት ለብዙ ሰኞ። ሳቂታ እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ የዋጋ ወረቀቶችና የክር ጥቅል አወጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። አልሳቀችም።

መስኮቱ መንገድ ዳር ነው፤ ሰው ሲያልፍ ሲያገድም ይውላል። ክብሪት መስኮቱን አየች፣ ጉትቻዎቹን አየች። ከዚያ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጠጋ አለችና ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች።

«ጻፊ» አለቻት እስክሪብቶ እየወረወረችላት። «እማዬ የምትለውን ብቻ። እያንዳንዷን ቁጥር አያለሁ።»

እናቷ የመጀመሪያውን ጥንድ አነሳች። እጇ እንደ ልማዷ ወደ ሚዛኑ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ፤ ልጇን ቀና ብላ አየቻት። ክብሪት ዋጋውን ልትነግራት ትችል ነበር። አልነገረቻትም። ራሷ እስክትጠራው ድረስ ጠበቀቻት።